የሠላሳ ደቂቃ ዝምታ፦ «ሪፊፊ» እና ስም ያልጠሩ ሰዎች

ሌሊት ነው። አራት ሰዎች ከአንድ ትልቅ የፓሪስ ጌጣ ጌጥ ቤት በላይ ባለ አፓርታማ ውስጥ ተንበርክከው ወለሉን በመሮና በመዶሻ ቀስ እያሉ ይቦረቡራሉ። ከሥራቸው ባለው ሱቅ ውስጥ ትንሽ ንዝረት ሲሰማው የሚጮህ የማንቂያ ደወል አለ። አንዲት ቁራጭ ሲሚንቶ ወደ ታች ብትወድቅ አለቀላቸው። ወለሉ ገና ትንሽ እንደተበሳ አንደኛው የተዘጋ ጃንጥላ በቀዳዳው ያሾልክና ከታች በኩል ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ የሚረግፈው ልስን ሁሉ የሚጠራቀመው ጃንጥላው ውስጥ ነው።

ጃንጥላ! በየቤታችን ያለው፣ ለክረምት የምንይዘው ዕቃ። «መኒ ሃይስት»ን ያየ ትውልድ ዘረፋ ማለት ጭምብል፣ ኮምፒዩተርና ብዙ ወሬ ይመስለዋል። እዚህ ግን ወሬ የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ አይነጋገሩም። ከጀርባ ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የመሮው ኳኳታ፣ የገመዱ ሲርሲርታ፣ የሰዎቹ ትንፋሽ ነው። ወደ ሱቁ ወርደው ደወሉን በእሳት ማጥፊያ አረፋ ሞልተው ያፍኑታል፤ ከዚያ ካዝናውን ከጀርባው ይሰረስሩታል። ይሄ ሁሉ ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከሁለት ሰዓት ብዙም በማይዘል ፊልም ውስጥ ሩቡ ማለት ነው።

ፊልሙ «ሪፊፊ» ይባላል፤ ሙሉ ስሙ «በወንዶች መካከል አምባጓሮ» እንደማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ የወጣው በ1955 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የመጡ የዘረፋ ፊልሞች ሁሉ ከሱ ተበድረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያላያችሁት ካላችሁ ከዚህ በታች መጨረሻውን ጭምር ስለምናገር ፊልሙን አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል። ማየት ያለባችሁ ይመስለኛል፤ ግን እንከኑንም አውቃችሁ። የፊልሙ ትልቁ ጥንካሬና ትልቁ ውሸት ከአንድ ቦታ የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት ከዝምታው ነው።

ዝምታው ከየት መጣ? ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን ፈረንሳዊ አልነበረም። ስሙ ያሳስታል እንጂ በ1911 በአሜሪካ ኮኔቲከት ከሩሲያ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች ተወልዶ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ያደገ ሰው ነው። በወጣትነቱ፣ በ1930ዎቹ፣ እንደ ብዙ የዘመኑ አርቲስቶች ኮሚዩኒስት ፓርቲ ገብቶ በ1939 ወጥቷል። ከጦርነቱ በኋላ በሆሊውድ ጥሩ ጥሩ የወንጀል ፊልሞችን ሠራ፤ ኒውዮርክን በየመንገዱ እየዞረ የቀረጸበት «ዘ ኔክድ ሲቲ» (1948) አንዱ ነው።

ያኔ አሜሪካ ውስጥ ቀዝቃዛው ጦርነት ቤት ለቤት ገብቶ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት «ፀረ አሜሪካ ተግባራትን» የሚመረምር ኮሚቴ ነበረው፤ ከ1947 ጀምሮ የሆሊውድን ሰዎች እየጠራ ይመረምር ጀመር። ኮሚቴው የሚፈልገው የሰዎቹን ጥፋት ብቻ አልነበረም። ስም ይፈልግ ነበር። ማን ስብሰባ ላይ ነበር? ማንን አየህ? ስም የሰጠ ሥራው ይመለስለታል፤ ዝም ያለ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባና የትም ስቱዲዮ አይቀጥረውም። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን እኛ። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ግን ዝምታ እንጀራን ያሳጣ ነበር።

ኤድዋርድ ድሚትሪክ የሚባል ዳይሬክተር ነበር። በመጀመሪያው ዙር አልናገርም ብለው ከታሰሩት «የሆሊውድ አሥሩ» ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ነው። እስር ቤት ከገባ በኋላ ሐሳቡን ቀየረና በ1951 ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ስም ዘረዘረ። ከዘረዘራቸው አንዱ ዳሲን ነበር። ሌላው ዳይሬክተር ፍራንክ ተትልም በዚያው ዓመት የዳሲንን ስም ጠራ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የጠቆሙት የማያውቃቸው ጆሮ ጠቢዎች አልነበሩም፤ የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው።

ዳሲን ወደ አውሮፓ ሄደ፤ እዚያም አልተዉትም። በ1953 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ፊልም ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ከአሜሪካ በመጣ ማስፈራሪያ ከሥራው ተነሣ፤ በሱ እጅ የተሠራ ፊልም አሜሪካ አይታይም ተብሎ። ቀረጻው በሌላ ዳይሬክተር ቀጠለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ1950 ጀምሮ አንድም ፊልም ሳይሠራ ቆየ። ሚስትና ልጆች አሉት፤ ገንዘብ የለውም፤ ፈረንሳይኛውም ገና ነው።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው አንድ ፕሮዲዩሰር የኦጉስት ለ ብረቶንን ልቦለድ ይዞ የመጣው። ለ ብረቶን ወላጅ አልባ ሆኖ በማሳደጊያ ያደገ፣ የፓሪስን የወንበዴዎች ዓለም በቅርብ የሚያውቅ ደራሲ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው በአራዳ ቋንቋ ነው፤ «ሪፊፊ» የሚለውን ቃልም እኔ ነኝ የፈጠርኩት ይል ነበር፤ ጠብ፣ አምባጓሮ፣ ግብግብ ማለት ነው። ዳሲን መጽሐፉን ከፍቶ ምንም አልገባው አለ። ሌላ ሰው እንዲያነብለት አድርጎ ሲሰማ ደግሞ ጠላው። ጭካኔው በዛበት፤ ከሁሉ በላይ ክፉዎቹ በሙሉ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሰዎች መሆናቸው ቀፈፈው። ያኔ የአልጄሪያ ጦርነት የፈነዳበት ጊዜ ነው፤ ኖቬምበር 1954። ዳሲን እነዚያን ገጸ ባሕርያት አውጥቶ ጣላቸውና በቦታቸው ግሩተር የሚባል የናይት ክለብ ባለቤትና ወንድሞቹን አስገባ። ስሙ ጀርመንኛ ጀርመንኛ ይላል። ከናዚ ወረራ ነፃ ከወጣች አሥር ዓመት ላልበለጣት ፓሪስ ይሄ ስም ምን እንደሚያስታውስ መገመት አይከብድም።

በመጽሐፉ ውስጥ ዘረፋው ራሱ ጥቂት ገጽ ብቻ የያዘ ነገር ነበር። ዳሲን ግን የሚወደው ሌላ ነገር ስላጣ እሱን ያዘና ዘረጋው። እሱ በኋላ እንዳወራው፣ ለ ብረቶን ስክሪፕቱን አንብቦ መጽሐፌ የታለ ብሎ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ ዳሲን ሳቀ፤ ከዚያ ወዳጆች ሆኑ። ትንሽ የተጋነነ ይመስላል፤ የፊልም ሰዎች ወሬ ሲያሳምሩ አያድርስ ነው። የሙዚቃውም ታሪክ ጥሩ ነው። ዦርዥ ኦሪክ ለዘረፋው ትዕይንት ትልቅ ሙዚቃ ደርሶ ነበር። ዳሲን አንዴ በሙዚቃ፣ አንዴ ያለ ሙዚቃ አሳየው። ኦሪክ ሁለቱን አይቶ የራሱን ሥራ አውጣው አለ። ስንት አርቲስት ነው ይሄን የሚያደርገው?

ገንዘብ አልነበረም፤ በ200 ሺህ ዶላር ገደማ የተሠራ ፊልም ነው። ድህነቱ ግን በጀው። ትልልቅ ኮከቦችን መቅጠር ስላልቻለ ዋናውን ሰው፣ ቶኒን፣ ለቤልጂጉ ተዋናይ ለዣን ሰርቬ ሰጠው። የሰርቬ ሙያ በመጠጥ ምክንያት ቀዝቅዞ ነበር፤ ያ ድካም ፊቱ ላይ አለ። ዳሲን ፀሐይ በወጣ ቀን አልቀርጽም ብሎ ፕሮዲዩሰሩን አበሳጨ። ስለዚህ የምናየው ፓሪስ እርጥብ፣ ግራጫ፣ ብርድ ያቆረፈደው ከተማ ነው። የኤፍል ማማ ቱሪስት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቶኒ ፊልሙ ሲጀምር ገና ከእስር ቤት መውጣቱ ነው። አምስት ዓመት የታሰረው ወጣቱን ጓደኛውን ጆን ላለማስያዝ ሲል ነው፤ ስም አልጠራም። ጆ ልጁን ቶኒዮ ብሎታል፤ ቶኒ የክርስትና አባቱ ነው። ሁለቱ ከጣሊያናዊው ከማሪዮና ከሚላኖ ከመጣው የካዝና ባለሙያ ከቼዛሬ ጋር ሆነው 240 ሚሊዮን ፍራንክ የሚያወጣ ጌጥ ይዘርፋሉ። በአሮጌው ፍራንክ ነው ታዲያ። ዘረፋው ያለ እንከን ያልቃል። ቼዛሬ ግን አንዲት ቀለበት ደብቆ ኪሱ ይከትና ለናይት ክለብ ዘፋኟ ይሰጣታል። ግሩተር ቀለበቷን ያያል። ቼዛሬን ይይዘዋል። ቼዛሬ የማሪዮን ስም ይናገራል። ማሪዮ ደግሞ ጌጡ ያለበትን አልናገርም ብሎ ከሚስቱ ከኢዳ ጋር ይገደላል።

ቼዛሬን ሆኖ የተወነው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ጁልስ ዳሲን ነው። የታሰበው ጣሊያናዊ ተዋናይ ስላልመጣ በሌላ ስም፣ «ፔርሎ ቪታ» ተብሎ ገባበት። ስለዚህ ባልደረቦቹ የጠቆሙት ሰው የጠቋሚውን ሚና ይዞ ቆመ። ቶኒ ናይት ክለቡ ውስጥ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ያገኘዋል። ቼዛሬ አይዋሽም፤ ፈራሁ ይላል። ቶኒ እንደሚወደው ይነግረዋል፤ ሕጉን ግን ታውቃለህ ይለዋል። ቼዛሬ አንገቱን ይነቀንቃል፤ አዎ፣ ያውቃል። ቶኒ ወደ ኋላ እየራቀ ሄዶ ይተኩሳል።

ዳሲን ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ፣ ያንን ትዕይንት ሲሠራ ወዳጆቻቸውን አሳልፈው የሰጡ ወዳጆቹን ያስብ እንደነበር ተናግሯል። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ትዕይንቱ ሌላ ይሆናል። ቂም አለበት፤ ያ ግልጽ ነው። ግን ቂም ብቻ ቢሆን ኖሮ ቼዛሬን አስጸያፊ ሰው አድርጎ ሌላ ተዋናይ ይቀጥር ነበር። የሠራው ሳቂታ፣ ሴት ወዳድ፣ የሚወደድ፣ ሲፈራ የሚያሳዝን ሰው ነው። ገዳዩም ሟቹም ዳሲን ነው። ፍርዱን ይሰጣል፤ ፍርዱ የሚያርፍበት ፊት ደግሞ የራሱ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ጥቆማ ከተሠሩ ፊልሞች ሁሉ ይሄን ያህል የነካኝ የለም። እሊያ ካዛን በ1952 ስም ሰጥቶ በ1954 «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት»ን ሲሠራ፣ እዚያ የሚናገረው ሰው ጀግና ነው። ሁለቱን በተከታታይ ማየት ነው እንግዲህ።

ጥንካሬው ይሄ ነው። ዝምታው የፊልም ዘዴ ብቻ አይደለም። አራት ሰዎች አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የሚተማመኑበት ሠላሳ ደቂቃ ዳሲን ሆሊውድ ውስጥ ያጣው ነገር ነው።

ውሸቱስ? ውሸቱ ይሄን ክብር የሰጠው ለሌቦች መሆኑ ላይ ነው። የፓሪስ ወንበዴዎች እንደዚህ ነበሩ እንዴ? ታሪኩ ሌላ ነው የሚለው። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙ ጊዜ ሎሪስቶን በሚባል ጎዳና ቁጥር 93 ላይ «የፈረንሳይ ጌስታፖ» የሚባል ቡድን ነበር። መሪዎቹ አንሪ ላፎን የሚባል ወንጀለኛና ፒዬር ቦኒ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ናቸው። ላፎን ሰዎቹን የመለመለው በብዛት ከወንበዴው ሰፈር ነው። አርበኞችን ይጠቁማሉ፣ ያሰቃያሉ፣ የአይሁዶችን ንብረት ይዘርፋሉ። ሁለቱም በ1944 መጨረሻ በጥይት ተደበደቡ። ከሰዎቻቸው አንዱ «እብዱ ፒዬሮ» የሚባለው ፒዬር ሉትሬል ከጦርነቱ በኋላ በሲትሮኤን መኪና እየከነፈ የሚዘርፍ ቡድን አቋቁሞ የፈረንሳይ ቁጥር አንድ ተፈላጊ ሆነ። በ1946 አንድ ጌጣ ጌጥ ነጋዴ ዘርፎ ሲያመልጥ በራሱ ሽጉጥ ራሱን አቁስሎ ሞተ። ጃንጥላ የለ፣ ለስላሳ ጫማ የለ።

እርግጥ ሁሉም እንዲህ አልነበረም። ከዚያው ቡድን ጆ አቲያ ጀርመኖች ማውትሃውዘን ካምፕ ወስደው ያሰሩት ሰው ነበር። ቢሆንም «ወንበዴ ወንበዴን አይጠቁምም» የሚለው ሕግ ፊልሙ በወጣ ጊዜ ተረት ሆኖ ነበር፤ ምናልባትም ተመልካቹ የወደደው ተረት ስለሆነ ነው። በወረራው ዘመን ስንቱ ጎረቤት ጎረቤቱን በደብዳቤ ለጠቆመበት አገር፣ ስም የማይጠሩ ወንዶችን በሲኒማ ማየት ያጽናናል። የ1950ዎቹ የፈረንሳይ የወንጀል ፊልሞች ይሄን መጽናኛ በብዛት ሸጠዋል፤ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የዣን ጋቤን «ግሪስቢን አትንኩ»ም እዚያው መንደር ነው። ዳሲን ያደረገው የራሱን እውነተኛ ወዳጆች፣ ታስረውና ተርበው ስም ያልጠሩትን ሰዎች ክብር፣ ለማይገባቸው ማዋስ ነው። ውሰቱ ቆንጆ ነው፤ ግን ውሰት ነው።

ሁለተኛው እንከን ይበልጥ ያማል። ቶኒ ከእስር እንደወጣ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የቀድሞ ፍቅረኛውን ማዶን መፈለግ ነው። እሱ ታስሮ ሳለ ከግሩተር ጋር ሆናለች። ቤቱ ወስዶ ጌጧንና ካፖርቷን ያስወልቃታል፤ ከዚያ በቀበቶ ይገርፋታል። ካሜራው ዞር ብሎ የሁለቱን የድሮ ፎቶ ያሳየናል፤ ድምፁን ግን እንሰማለን። አንዳንድ ተቺዎች ይሄን ጨዋነት ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ፊልሙ ከዚህ በኋላ ቶኒን እንድንወደው ይጠይቀናል፤ ማዶም ጥቂት ቆይታ ትረዳዋለች፣ የታገተውን ልጅ የሚያገኝበትን መንገድ የምትጠቁመው እሷ ናት። ግርፋቱ ሒሳቡ ተወራርዶ እንዳለቀ ዕዳ ይታለፋል። የወንዶቹ ሕግ ለማን እንደሚሠራና ማን ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ዳሲን ይሄን አላየውም ማለት ግን አይቻልም። ግሩተሮች ቶኒዮን ካገቱት በኋላ እናቱ ሉዊዝ ከባሏ ከጆ ጋር የምትነጋገርበት ትዕይንት አለ። እንዳንተ በችግር ያደጉ ሚሊዮን ልጆች አሉ፣ እነሱ ሌባ አልሆኑም፣ እኔ እንደማስበው ጠንካሮቹ እነሱ ናቸው እንጂ አንተ አይደለህም ትለዋለች። በቃ፣ ፊልሙን በአንድ ንግግር ገለበጠችው። ችግሩ ፊልሙ ሰምቷት ሲያበቃ ወደ ወንዶቹ መመለሱ ነው። የመጨረሻው ሠላሳ ደቂቃም ከዘረፋው ጋር ሲወዳደር ይላላል፤ እገታ፣ መኪና፣ ሽጉጥ፣ አንዱ ሌላውን ሲገድል። ጆ ልጁ መዳኑን ሳያውቅ ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ይሞታል። ሁሉም ሰው አምስት ደቂቃ ስልክ ቢጠብቅ ኖሮ አይሞትም ነበር ያሰኛል።

ከዚያ ግን ያ የመኪና ጉዞ ይመጣል። ቶኒ ቆስሎ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ትንሹን ልጅ በክፍት መኪና ጭኖ ፓሪስን ያቋርጣል። ልጁ የካውቦይ ልብስ ለብሶ፣ ቆሞ፣ የአሻንጉሊት ሽጉጡን እየደገነ ይጫወታል። ዛፎቹ ከላይ ይከንፋሉ። ቤት ሲደርሱ ቶኒ መሪው ላይ ሞቷል። ሉዊዝ ሮጣ ልጇን ታወጣለች። ገንዘብ የሞላውን ሻንጣ ዞር ብላም አላየችው።

በካን ፌስቲቫል 1955 ዳሲን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትን ከሶቪየቱ ሰርጌይ ቫሲልዬቭ ጋር ተጋራ። ወጣቱ ሐያሲ ፍራንሷ ትሩፎ ካነበበው ሁሉ ከባሰው የወንጀል ልቦለድ ካየው ሁሉ የተሻለው የወንጀል ፊልም ወጣ ብሎ ጻፈ። ሜክሲኮ ውስጥ ሌቦች ትምህርት ወሰዱበት ተብሎ ከሲኒማ ወረደ፤ ዳሲን መልሱ ፊልሙ የሚያስተምረው መስረቅ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ነው የሚል ነበር። እውነቱን ነው፣ እንደዚህ የሚለፋ ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ቢቀጠር አለቃ ይሆን ነበር። ዣን ፒዬር ሜልቪል በ1970 «ለ ሰርክል ሩዥ» ውስጥ የራሱን ረጅም ዝምተኛ ዘረፋ ሠራ።

ዳሲን በዚያው በካን ግሪካዊቷን ተዋናይ መሊና መርኩሪን አገኘ፤ በኋላ ተጋቡ፤ በ96 ዓመቱ አቴንስ ውስጥ በ2008 ሞተ። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1964፣ ኢስታንቡል ሄዶ «ቶፕካፒ» የሚል ፊልም ሠራ። ያው ዘረፋ ነው፤ ያው ገመድ፣ ያው ድምፅ የሚፈራ ወለል፣ ያው ረጅም ዝምታ። ልዩነቱ አሁን በቀለም ነው፣ ፀሐይም አለ፣ ነገሩም ቀልድ ሆኗል። ሌቦቹን የሚያስይዛቸው ግን ከመካከላቸው የተነሣ ጠቋሚ አይደለም። በመስኮት የገባች አንዲት ወፍ ናት።